ሦስተኛው እጅ፦ የዕዳ ሰብሳቢዎች ማኅበራት ታሪክ በአሜሪካ



ዛሬ የማቀርብላችሁ፣ ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ፊቱን የሚያጠቁርበትን ሙያ ታሪክ ነው። የሐኪሞች፣ የጠበቆች፣ የነጋዴዎች ማኅበራት ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው አላጡም። የዕዳ ሰብሳቢዎች ማኅበር ታሪክ ግን እንደ ሙያው ሁሉ ወደ ጓሮ የተገፋ ነው። እኔ ወደ ፊት ላወጣው የወደድኩት አንድ ጥያቄ ስላለው ነው፤ አንድ ሙያ ራሱን በራሱ ሊገራ የሚችለው እስከ የት ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ ከዕዳ መሰብሰብ ሥራ ይልቅ አፍጥጦ የሚያሳይ ሙያ ጥቂት ነው። ሰብሳቢዎች በክፍለ ግዛትና በአገር ደረጃ በማኅበር የተደራጁበት ታሪክ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ በመሆኑ፣ ነገሩን እዚያው ቦታው ላይ እንመለከተዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት ግን ከራሳችን ቋንቋ አንድ ቃል ልዋስ። «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ስንል ከአልጋው መለየት ያልቻለን በሽተኛ ማለታችን ነው። ቁራኛ የሚለው ቃል በቀደመው የአገራችን የሙግት ሥርዓት የተለየ ትርጉም ነበረው። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ዋስ ካላገኘ ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ልማዱ ጨካኝ ነበር፤ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ባለዕዳው በአንዱ ጫፍ ሲታሰር ባለገንዘቡም በሌላው ጫፍ ይያዛል። ሥራው ይቆማል፣ መንገዱ ይታጎላል፣ የባለዕዳውን ፊት ቀኑን ሙሉ ያያል። ስለዚህ ነገሩ በሽማግሌም በዋስም ቶሎ እንዲያልቅ እርሱም ይፈልጋል። ዛሬ የምናየው ታሪክ የሚጀምረው፣ በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል እጁ በሰንሰለቱ ያልተያዘ ሦስተኛ ሰው ሲገባ ነው።

በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ሦስተኛ ሰው እምብዛም አያስፈልግም ነበር፤ አበዳሪው የእስር ቤት በር በእጁ ነበረና። ባለዕዳን ማሰር ሕጋዊ ነበር። የነፃነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱና የነፃነቱን ጦርነት በገንዘብ በማደራጀት ስሙ የሚነሣው ሮበርት ሞሪስ እንኳ በመሬት ንግድ ከከሰረ በኋላ ከ1798 እስከ 1801 ድረስ በፊላደልፊያ የዕዳ እስር ቤት ተቀምጧል። ይህን የሚያህል ሰው ከታሰረ የድሃው ነገር ለመገመት አያዳግትም። ከጊዜ በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። የታሰረ ሰው ሠርቶ መክፈል አይችልም የሚለው ክርክር አሸነፈ። ኬንታኪ በ1821፣ ኒው ዮርክ በ1831፣ የፌዴራሉ መንግሥት በ1833 ሰውን ለዕዳ ማሰርን የሚሽሩ ሕጎች አወጡ፤ ሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች በየጊዜያቸው ተከተሉ።

የእስር ቤቱ በር ሲዘጋ አበዳሪው አንድ ትልቅ ማስገደጃ አጣ። በዚሁ ዘመን ንግዱም ከመንደር ወጥቶ ነበር። የኒው ዮርክ ጅምላ ነጋዴ አይቶት ለማያውቀው የምዕራብ ባለሱቅ በዱቤ ዕቃ ይልካል። በ1837 የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ይህ ዱቤ ምን ያህል በጭፍን እምነት ላይ የቆመ እንደነበር አሳየ። በቀውሱ ክፉኛ የተጎዳው ነጋዴ ሉዊስ ታፓን በ1841 በኒው ዮርክ ከተማ ስለ ነጋዴዎች ታማኝነት መረጃ እየሰበሰበ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ታፓን ሰውን የማመን ጉዳይ ለሦስተኛ ወገን የሚሰጥ ሥራ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ያልተከፈለውን ገንዘብ የማስመለስ ሥራም በዚያው መንገድ ከአበዳሪው እጅ እየወጣ ሄደ። በዚያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የሲንገር ኩባንያ የልብስ ስፌት መኪና በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ሲጀምር፣ ዱቤ ከነጋዴዎች አልፎ ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ።

ሦስተኛው እጅ ሥራውን የሚሠራው በደመወዝ ሳይሆን በኮሚሽን ነው፤ ካስመለሰው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ይወስዳል፣ ካላስመለሰ ምንም አያገኝም። ባለሱቁ ደንበኛውን ነገም ስለሚፈልገው ቃሉን ይመጥናል። ሰብሳቢው ግን ባለዕዳውን ከዛሬ በኋላ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ክብርን የሚጠብቀው የወደፊት ግንኙነት በእርሱ ዘንድ የለም። የሙያው ችግር ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሰብሳቢዎች ከሌላው ሰው የከፉ ሆነው ስለ ተፈጠሩ አይደለም።

እስር ሲቀር ቦታውን የወሰደው ኀፍረት ነበር። ፖስታ ካርድ ርካሽ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክፍት ነው። ፖስተኛውም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ ጎረቤቱም ያነበዋል። ሰብሳቢዎች ይህን በሚገባ ተረድተው ነበር። ኮንግረስ በ1888 ባወጣው የፖስታ ሕግ በካርድ ላይ ወይም በኤንቬሎፕ ውጫዊ ገጽ ላይ የሰውን ስም የሚያጎድፍ ወይም የሚያስፈራራ ጽሑፍ እንዳይላክ ሲከለክል፣ ፍርድ ቤቶች ክልከላውን በዕዳ መጠየቂያ ካርዶች ላይ ተጠቀሙበት። አንድ በር ሲዘጋ ግን ሌላው ይከፈታል። የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚመስል ወረቀት፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ የሚመስል መጠይቅ፣ ባለዕዳው የጠፋበትን አድራሻ ለማውጣት «ስጦታ ተልኮልዎታል» የሚል ደብዳቤ ተከተሉ። በ1914 የተቋቋመው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በኋላ እንዲህ ያሉትን ማታለያዎች አንድ በአንድ እያሳደደ ሲከስስ ኖሯል።

እንግዲህ ማኅበራቱ የተወለዱት በዚህ አየር ውስጥ ነው። እንዲወለዱ ካደረጓቸው ምክንያቶች ሦስቱን ለይቼ ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። በኦሃዮ የተበደረ ሰው ወደ ካሊፎርኒያ ቢሄድ የኦሃዮው ሰብሳቢ ምን ያደርጋል? መዝገቡን በካሊፎርኒያ ላለ ሌላ ሰብሳቢ ያስተላልፋል፤ ኮሚሽኑንም ይካፈላሉ። ነገር ግን አይቶት የማያውቀው ያ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ እንዳይሰወር በምን ያምነዋል? የአባላት ዝርዝር፣ ዋስትና፣ የደንበኛን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ለይቶ የማስቀመጥ ደንብ ያስፈለገው ለዚህ ነው። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ጥያቄ ባለዕዳውን የሚመለከት አልነበረም፤ ሰብሳቢው ለአበዳሪውና ለሥራ ባልደረባው ታማኝ መሆኑን የሚመለከት ነበር።

ሁለተኛው ጠበቆች ናቸው። በንግድ ዕዳ ላይ የሚሠሩ ጠበቆችና ባለሙያዎች በ1895 በዲትሮይት የአሜሪካ የንግድ ሕግ ሊግ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ጠበቃ ያልሆነ ሰብሳቢ ግን የአበዳሪውን መብት በውል ተረክቦ በራሱ ስም ፍርድ ቤት ሲቆም፣ የጠበቆች ማኅበራት «ይህ ያለ ፈቃድ የጥብቅና ሥራ መሥራት ነው» ብለው ተነሡ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1930 ያለ ፈቃድ የሚሠራ ጥብቅናን የሚከታተል ኮሚቴ ሲያቋቁም ግጭቱ ጠነከረ። ሰብሳቢዎቹ በየፍርድ ቤቱ ለየብቻ ከመሸነፍ በአንድ ድምፅ መከራከር ነበረባቸው።

ሦስተኛው የክፍለ ግዛት ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ በ1927 የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቶችን በፈቃድ የሚያስተዳድር ሕግ አወጣች፤ ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ፈቃድ ወይም የዋስትና ገንዘብ መጠየቅ ጀመሩ። ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ባለበት ዋና ከተማ ሁሉ የሙያው ተወካይ መኖር አለበት። የክፍለ ግዛት ማኅበር የሚባለው ነገር ትርጉም ያገኘው እዚህ ላይ ነው። የባለዕዳው ኑሮ፣ የፍርድ ቤቱ ሥርዓት፣ ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ መጠን፣ ይርጋው፣ ሁሉም በክፍለ ግዛት ሕግ የሚወሰኑ ነበሩና።

በ1939 የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ ኤሲኤ ኢንተርናሽናል በሚለው ስሙ የሚታወቀው ይህ ማኅበር መቀመጫውን በሚኒያፖሊስ አድርጎ በየክፍለ ግዛቱ ያሉ ማኅበራትን በአንድ ጥላ ሥር ያስተሳስር ነበር። ማኅበራቱ የሠሩትን ሥራ ስናይ ሁለት ፊት እናገኛለን። በአንድ በኩል ትምህርት ቤት ነበሩ፤ አዲስ ሠራተኛ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚናገር፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሕጉ ምን እንደሚፈቅድ ያስተምራሉ፤ የሥነ ምግባር ደንብም አላቸው። በሌላ በኩል ጋሻ ነበሩ፤ ገቢያቸውን የሚነካ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ በምክር ቤቱ ደጅ ይቆማሉ። አንዱን ፊት ብቻ አይቶ ማመስገን ወይም ማውገዝ ቀላል ነው፤ ታሪኩ ግን ሁለቱን በአንድነት እንድናይ ያስገድደናል።

የማኅበር ትልቁ ቅጣት ማባረር ነው። የተባረረ አባል ስሙ ከዝርዝር ይወጣል፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚተላለፍለት ሥራም ይቀንሳል። ፈቃድ በማይጠየቅበት ክፍለ ግዛት ግን ሰውየው በማግስቱ ያንኑ ስልክ አንሥቶ ያንኑ ስድብ መሳደብ ይችላል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። በኮሚሽን በሚሠራ ሙያ ውስጥ የሚያስፈራራው ሰብሳቢ ከጨዋው የበለጠ የሚያስመልስ ከሆነ፣ አበዳሪው መዝገቡን ለማን ይሰጣል? ደንቡን ያከበረ አባል በማክበሩ ይከስራል። የማኅበሩ ደንብ ጥሩ አጥር ነበር፤ የሚያጥረው ግን ወደው ውስጥ የገቡትን ብቻ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው የፍጆታ ብድርና የባንክ ካርድ፣ እንዲሁም እየረከሰ የሄደው የርቀት ስልክ ጥሪ ይህን ድካም ገሃድ አወጡት። አንድ ሰብሳቢ በማይገዛበት ክፍለ ግዛት ሕግ ያለን ሰው ከሩቅ ሆኖ በሌሊት ሊቀሰቅሰው ቻለ። የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ በ1977 ባቀረበው ሪፖርት መሠረት በአገሪቱ ከ5,000 በላይ የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በአማካይ 8 ሠራተኞች ሲኖሯቸው፣ በቀደመው ዓመት የተሰጣቸው ዕዳ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኮሚሽናቸው በአብዛኛው 50 በመቶ ነበር። 37 ክፍለ ግዛቶችና የዋሽንግተን ዲ.ሲ. አስተዳደር ሰብሳቢዎችን የሚመለከት ሕግ ሲኖራቸው፣ 13ቱ ምንም አልነበራቸውም። ሕግ ካላቸውም ውስጥ ባለዕዳው ራሱ ከስሶ ካሣ እንዲያገኝ የሚያስችለው ጥቂቱ ነበር። ያው ሪፖርት አንድ የቆየ አስተሳሰብንም አስተባብሏል፤ ሆን ብሎ ዕዳውን የሚክድ ሰው ቁጥር እጅግ ትንሽ መሆኑን፣ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ሳይቀሩ እንደሚስማሙበት ገልጿል። የሚበዛው ሥራ ያጣ፣ የታመመ፣ ትዳሩ የፈረሰ ሰው ነበር።

በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር የዛሬው ንግግሬ እምብርት ነው። ረቂቁ በኮንግረስ ሲታይ ከደገፉት መካከል የሸማቾች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት ይገኙ ነበር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የሴኔቱ ሪፖርት ከደጋፊዎቹ ተርታ የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ማኅበርንም ይጠቅሳል። ራሱን የሚገድብ ሕግ ለምን ደገፈ? መልሱ በሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል። ሕጉ ዓላማዎቹን ሲዘረዝር ሰውን የሚያዋርድ አሰባሰብን ማስወገድን ያስቀድምና፣ ከዚያ ቀጥሎ ከእንዲህ ያለ ድርጊት የሚታቀቡ ሰብሳቢዎች በውድድር እንዳይጎዱ ማድረግን ይጠቅሳል። የባለዕዳው ክብርና የጨዋው ሰብሳቢ ገበያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ማኅበሩ በደንብ ሊያደርገው ያልቻለውን መንግሥት በሕግ እንዲያደርግለት መፈለጉ ነበር።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሕጉን መስከረም ወር 1977 ፈረሙ፤ በመጋቢት 1978 ሥራ ላይ ዋለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መደወል ተከለከለ። የሰውን ዕዳ ለጎረቤቱ ወይም ለአሠሪው መናገር፣ ጠበቃ ወይም የመንግሥት ሹም ሳይሆኑ ነኝ ማለት፣ የማይፈጸም እስርን ማስፈራሪያ ማድረግ ተከለከለ። የ1888 ሕግ መንፈስም እንደገና ብቅ አለ፤ ዕዳን በፖስታ ካርድ መጠየቅ በግልጽ ታገደ። ሰብሳቢው የዕዳውን መጠንና የአበዳሪውን ስም በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ባለዕዳውም በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን ለመቃወም እንዲችል ተደነገገ። መብቱ የተጣሰበት ሰው ከደረሰበት ጉዳት ካሣ በተጨማሪ እስከ 1,000 ዶላር ሊፈረድለት ይችላል። ይህ አኃዝ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ የገንዘቡ የመግዛት አቅም ግን ከዓመት ዓመት ወርዷል።

ሕጉ የተጻፈው ሦስተኛውን እጅ ለመግራት በመሆኑ፣ ድንበሩም የሦስተኛው እጅ ድንበር ሆነ። የራሱን ገንዘብ የሚጠይቅ አበዳሪ በሕጉ አልተገዛም፤ ደንበኛውን ማጣት ስለማይፈልግ ራሱን ይገታል ተብሎ ታሰበ። ካሊፎርኒያ በዚያው በ1977 ያወጣችው የራሷ ሕግ አበዳሪውንም በመጨመሩ ከዚህ ይለያል። ጠበቆችም በመጀመሪያ ከፌዴራሉ ሕግ ውጭ ነበሩ፤ ኮንግረስ በ1986 ይህን ሲያነሣው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1995 በሃይንትዝና ጄንኪንስ ጉዳይ በሙግት ዕዳ የሚሰበስቡ ጠበቆች ጭምር በሕጉ እንደሚገዙ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሕግ አውጪዎቹ በ1977 ያላሰቡት ንግድ ገነነ፤ ያልተከፈለ ዕዳን ከዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ገዝቶ ሙሉውን መጠየቅ። ይህ ገዢ አበዳሪ ነው ወይስ ሰብሳቢ? ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 በሄንሰንና ሳንታንደር ጉዳይ፣ በገዛው ዕዳ ለራሱ የሚሰበስብ ድርጅት የሌላውን ዕዳ ለሌላው የሚሰበስብ አይደለም ብሎ ወሰነ። በዚህም ከሕጉ ትርጓሜዎች በአንደኛው በኩል የሚያመልጥበት በር ተከፈተለት። አጥሩ ቆሟል፤ ሰዎቹ ግን ቦታቸውን ቀይረው ነበር።

የክፍለ ግዛቶቹ ታሪክም ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ከ1927 ጀምሮ ፈቃድ ስትሰጥ የኖረችው ካሊፎርኒያ በ1992 ፈቃድ መስጠቱን ተወችው። ወደ 30 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በ2020 አዲስ የፈቃድ ሕግ አጸደቀች፤ እርሱም ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚሁ ጊዜ ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ የተቋቋመው የፌዴራል የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ያወጣው ደንብ በኅዳር ወር 2021 ተፈጻሚ ሆነ። ደንቡ ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወልን የማስቸገር ምልክት አድርጎ ይወስዳል፤ ኢሜልና የስልክ መልእክትንም ወደ ሕጉ ክልል አስገብቷል። ማኅበራቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ ነበሩ፤ አንዳንዴ ሕጉን ሲያስተምሩ፣ አንዳንዴ ሲሟገቱት።

ከዚህ ታሪክ ምን እንይዛለን? ማኅበር ከንቱ ነው የሚል ትምህርት አላወጣሁበትም። ሕጉ በወጣ ማግስት በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ቢሮዎች እንዴት እንደሚሠሩበት የተማሩት በአብዛኛው ከማኅበሮቻቸው ነው፤ መንግሥት ብቻውን ያን ያህል መምህር አያገኝም። የሚወጣው ትምህርት ሌላ ነው። ማኅበር ጨዋውን ሊያበረታ ይችላል፤ ጨዋነት ግን ኪሳራ በሆነበት ገበያ ጨዋውን ሊያቆየው አይችልም። ያን ማድረግ የሚችለው ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ ነው። ሕጉም ቢሆን የሚጠብቀው በዘመኑ የታየውን ሰብሳቢ ነው፤ በሚቀጥለው ዘመን ሌላ ልብስ ለብሶ የሚመጣውን ለማየት እንደገና መነሣት አለበት።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2022 ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በቴሌብር የብድር አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ በስልክ ብቻ መበደር በአገራችን የዕለት ተዕለት ነገር እየሆነ ነው። አበዳሪና ተበዳሪ ሳይተዋወቁ የሚያልቅ ውል ሲበዛ፣ አንድ ቀን ሦስተኛው እጅ ይፈለጋል። ያ እጅ ሲመጣ በማን ፈቃድ ይሠራል? ማንን ያስተምረዋል፣ ማንስ ይከስሰዋል? የባለዕዳውን ስም ለጎረቤቱ እንዳይናገር የሚከለክለው ምንድን ነው? በአሜሪካ እነዚህ ጥያቄዎች የተመለሱት በደል ከበዛ በኋላ ነው። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች አስቀድማችሁ ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ። የጥንቱ ሰንሰለት ጨካኝ ቢሆንም ሁለቱንም ይይዝ ነበር፤ በቦታው የምንተካው ሕግ ጭካኔውን ትቶ፣ የሚጠይቀውንም እንደሚጠየቀው እንዲይዝ ማድረግ የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው።